አንበሳ ላይ የቆመችው ሴት ማን ናት?

እህቴ፣ የገዛሽው የአንገት ጌጥ ላይ አንበሳ ላይ የቆመች ሴት አለች፣ ሻጩም «የከነዓን አምላክ አሼራ ናት» ብሎሻል። እውነት ጥንታዊ ምስል ነው ወይ ነው ጥያቄሽ።

ምስሉ ጥንታዊ ነው። ሶርያ ውስጥ፣ በጥንታዊቷ የኡጋሪት ከተማ ወደብ በሚኔት ኤል ቤይዳ፣ ከ3,000 ዓመት በላይ የሆነው አንድ የወርቅ ጌጥ ተገኝቷል። አሁን ፓሪስ ውስጥ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። ራቁቷን የቆመች ሴት፣ ከእግሯ ሥር አንበሳ፣ በሁለት እጇ ቀንዳም እንስሳት፣ ከወገቧ ኋላ የተጠላለፉ እባቦች። የፀጉሯ አሠራር የግብፅዋን አምላክ ሐቶርን ያስታውሳል። ከመዳፍ ባነሰ ወርቅ ላይ ይህን ሁሉ መቅረጽ! ሁሌም ይገርመኛል።

ስሟ ላይ ግን ቆም በይ። የሉቭሩ ጌጥ ላይ ስም አልተጻፈም። አሼራ ናት፣ ወይስ ከሌሎቹ የአካባቢው ሴት አማልክት አስታርቴ ወይም አናት? ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ። በግብፅ የድንጋይ ሐውልቶች ላይ እንዲሁ አንበሳ ላይ የምትቆም አምላክ አለች፤ ስሟ «ቀደሸት» ተብሎ ይነበባል። ከእኛ «ቅድስት» ጋር ሥሩ አንድ ነው።

«አሼራ» የሚለውን ስም የድሮው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ፈልገሽ ካጣሽው አትገረሚ፤ «የማምለኪያ ዐፀድ» ተብሎ ነው የተተረጎመው።

ለጸሎት የምታደርጊው ከሆነ ሻጩን ከየትኛው ግኝት እንደተቀዳ ጠይቂው።