የዩኒኮርኑ ልደትና የባቄላው መደብ

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት እናት ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። ሴቷ 5 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 2። አማቴ ከመንዝ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከብሎካችን ፊት ያለችውን ቁራሽ መሬት ቆፍረው ጎመን፣ ቆስጣና ጤና አዳም ተክለውባት ነበር። ከገና በኋላም ከልጄ ጋር ሆነው ባቄላ ዘሩ።

የካቲት ላይ የልጄን 5ኛ ልደት በዩኒኮርን ዲኮር አከበርን። ወራት ነው የተዘጋጀሁት። ቀንዱን፣ ኮፍያውን፣ የጥሪ ካርዱን ሌሊት እየተነሣሁ በእጄ ሠራሁ። እኔ ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። የአክስቴ ልጅ ኬክ ስትቆርስ እኔ ሰሃን ነበር የማመላልሰው። ልጄ ይህን እንዳታይ ብዬ ነው። ዲኮር ሠሪዋ ለፎቶ የሚያምረው እዚያች መሬት ላይ ነው ስላለችኝ፣ ለጥበቃው ከፍዬ አትክልቱን አስነቀልኩና አርቴፊሻል ሣር አስነጠፍኩ። በአጠቃላይ 28 ሺህ ብር ወጣ፤ ከእቁቤ ስለሆነ ባለቤቴን አላስቸገርኩትም።

በዕለቱ ልጄ ኬኳን ሳትቆርስ አለቀሰች። አማቴ «እናትሽ ለካሜራ ነው የወለደችሽ» አሏት። ባለቤቴ ይኸው ሦስት ሳምንት ከ«እሺ»ና ከ«አይ» ሌላ ቃል አላወጣም። ልጄም ከሁለት ዓመት በፊት የተወችውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀምራለች። ሁሉን ለእሷ ብዬ አድርጌ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። ልደት ማክበር ልተው? ወይስ አማቴን ወደ አገራቸው ልሸኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ጋር ዘጠኝ ፎቶ ልከሽልኛል። ስምንቱ አልበም ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ዘጠነኛውን ለምን እንደላክሽው ግን አንቺም ያወቅሽ አልመሰለኝም። ልጅሽ ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወርቃማው ቀንድ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ብሎ፣ ተንበርክካለች። የሣሩን ምንጣፍ ጫፍ በሁለት እጇ ገልጣ ሥሩን ታያለች። ከኋላዋ ፊኛው፣ ኬኩ፣ የጎረቤት ልጆች። እሷ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

ባቄላዋን እየፈለገች ነው።

ያ ባቄላ ለእሷ ምን እንደነበር ላስብልሽ። ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል። ጠዋት አያቷ አፈሩን ሲያለሰልሱ እሷ በጣቷ ጉድጓድ ትወጋለች። ከዚያ ጥበቃ ነው። ባቄላ እስኪበቅል ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ የዘመን ያህል ነው። ክዳኑ በተበሳሳ ሃይላንድ ውሃ እያጠጣች ሁለት ወር ገደማ ከቆየች፣ የካቲት ላይ ነጭ ሆና መሐሏ ጥቁር ነጥብ ያላትን የባቄላ አበባ አይታለች ማለት ነው። በሕይወቷ መጀመሪያ «እኔ አበቀልኩት» ያለችው ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ኬጂ ሄደች፤ ስትመለስ የለም። ማንም አልነገራትም።

እዚህ ላይ ክፉ እናት ነሽ እያልኩ አይደለም። አንቺ ያየሽው ቅጠል ነው፤ ከገበያ በጥቂት ብር የሚተካ ቅጠል። እኔም ብሆን የልጄ ሦስተኛ ልደት ዋዜማ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኬኩን በክሬም ስጽፍ ውሃ ልትጠጣ የተነሣችውን ባለ ልደት ጮኼባት አልጋዋ ውስጥ መልሻታለሁ። በማግስቱ በፎቶው ላይ ሁለታችንም ዓይናችን አብጧል።

«ለእሷ ብዬ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን እንቆይ። ስለ አክስትሽ ቤት የጻፍሽው ሁለት መስመር አይሞላም፤ እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ሰልማ ፍራይበርግ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1975 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር የጻፈችው ዝነኛ ጽሑፍ አለ። የወላጅ ያልተለቀሰ የልጅነት ሐዘን ሳይጠራ የልጁ ክፍል ድረስ ገብቶ ይቀመጣል ትላለች። ያንቺ ሐዘን ሰሃን ይዞ ነው የገባው። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ኬክ፣ ሰሃን ታመላልስ ለነበረችው ልጅ ነበር። ልጅሽ እንዲህ ያለ ድግስ መጠየቋን ደብዳቤሽ ውስጥ ብፈልግ አላገኘሁም።

ያቺ ሰሃን አመላላሽ ልጅ ግን ድግስ አይገባትም አላልኩም። ይገባታል። በራሷ ስም ይሁን። በሚቀጥለው ልደትሽ ኬኩን በስምሽ አሠሪና ራስሽ ቁረሺ፤ ባልሽ ያጉርስሽ። ታሪኩንም ንገሪው። በትዳራችሁ ዓመታት ውስጥ የአክስትሽን ቤት አንድ ቀን እንኳ አውርተሽው ታውቂ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ስለ ባልሽ ካነሣን ዘንድ፣ ዝምታው ስለ ጎመኑ አይመስለኝም። «ከእቁቤ ስለሆነ አላስቸገርኩትም» ብለሽ ያለፍሽውን መስመር እሱም እንዳንቺ የሚያልፈው ይመስልሻል? ያ እቁብ ለምን ታስቦ እንደሚጣል አልነገርሽኝም። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሁን፣ ለኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ፣ ወይም ላንቺ ብቻ፣ እኔ አላውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ሦስት ሳምንት ዝም ማለቱ ደግሞ ጥፋት ነው፤ የተቆጣ ሰው ይናገራል እንጂ ቤተሰብ ሙሉ በዝምታ አይቀጣም። ይህን መልስ እንዲያነብ ስልክሽን አቀብዪው።

ቤት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት፣ እናቱ በሚሰሙበት አታናግሪው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እስከ ፈጣን መንገዱ መግቢያ በእግር ውጡ። ብዙ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይወጣቸው ነገር ጎን ለጎን ሲራመዱ ይወጣቸዋል፤ ይሄ የእኔ የዓመታት ትዝብት ነው። ብሩን አንቺው ቀድመሽ አንሺው፣ እሱ እስኪያነሣው አትጠብቂ። «ሳልነግርህ 28 ሺህ ብር አወጣሁ፣ ልነግርህ ይገባ ነበር» በቂ ነው። ምክንያቱን ከጠየቀሽ የአክስትሽን ቤት ያን ጊዜ ንገሪው።

አሁን ወደ አማትሽ። «እናትሽ ለካሜራ ነው የወለደችሽ» ብለው ለአምስት ዓመት ልጅ መናገራቸው ከባድ ስሕተት ነው፣ አላድበሰብሰውም። መሬይ ቦወን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲያስተምር፣ ሁለት ሰዎች መሐል ያለው ውጥረት ሲበረታ ሦስተኛ ሰው ጎትተው እንደሚያስገቡ ይናገራል። በኛ ቤት ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። «ለእናትሽ ንገሪያት»፣ «አባትሽን እንደሱ በይው»። ልጅቷ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ፖስተኛ ትሆናለች፤ ያውም የምታደርሰው ደብዳቤ በሙሉ ስድብ ነው።

ግን ደግሞ በእሳቸው ዓይን እይው። እሳቸው ባደጉበት አገር የልጅ ቀን ማለት ክርስትና ነው፤ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሻማ እፍ ማለት ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳቸውም። ሰፊ ማሳ ትተው መጥተው ከብሎክ ፊት ያለች ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው። እሷን ሳይጠየቁ፣ በጥበቃ እጅ፣ እሳቸው ባሉበት ግቢ ውስጥ አስነቀልሽባቸው። ወደ አገራቸው መሸኘቱ ምንም አይፈታልሽም፤ ልጅሽ ከባቄላው ቀጥሎ አያቷን አጣች ማለት ነው የሚሆነው።

ሽማግሌ አትላኪ፣ ነገሩን ያተልቀዋል። ቡና አፍዪና ቶናው ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ «እማማ፣ ሳልጠይቅዎ አትክልትዎን አስነቅያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። በዚያው ቀን የእሳቸውን ጥፋት አትጨምሪበት። ከሳምንት በኋላ ለብቻው፦ «በኔ ላይ ያለዎትን ለኔው ይንገሩኝ፣ በልጅቷ በኩል ሲመጣ እሷ ናት የምትጎዳው»። ከዚህም በኋላ በልጅቷ በኩል መናገሩን ከቀጠሉ ተራው የባልሽ ነው። እናቱን የሚያናግረው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ስለ አልጋው አትደንግጪ፤ ልጅቷንም አትቆጪ፣ በወንድሟም ፊት አታንሺባት። የዚህ ዕድሜ ልጅ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ከራሷ ጋር ታያይዛለች። አባቷ ዝም ያለው እሷ ስላለቀሰች ሊመስላት ይችላል። ተናግራ ስለማትጨርሰው ሰውነቷ ይናገርላታል። ቤቱ ሲረጋጋ ልጆች ብዙውን ጊዜ ይተዉታል። ሲሸናት የሚያቃጥላት፣ ትኩሳት ያላት ወይም ከወትሮው በጣም ብዙ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ግን ጭንቀት ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ይቅርታ ለልጅም ይጠየቃል። ቁጭ ብለሽ ዓይንሽ ዓይኗ ጋር ሲደርስ፦ «ባቄላሽን ሳልነግርሽ አስነቀልኩት። ያንቺ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አባባ ዝም ያለውም ባንቺ አይደለም።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን እኮ ልደትሽን…» ብለሽ ከቀጠልሽ ይቅርታው ፈረሰ። ኤድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እናቶችንና ሕፃናትን በቪዲዮ እየቀረጸ ሲያጠና፣ በጣም የሚዋደዱት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይግባቡ ሲተላለፉ ነው ያገኛቸው። ጤነኛ ግንኙነት የሚታወቀው ተላልፈው ሲያበቁ ተመልሰው በመገጣጠማቸው ነበር። ስለዚህ የተነቀለው መደብ እስካሁን አልረፈደበትም።

መደቡን መልሳችሁ ቆፍሩ። ሦስታችሁም፣ አያትም ባሉበት። አዛዧ ልጅቷ ትሁን፣ ባለሙያዋ አያቷ፤ አንቺ ውሃ አመላልሺ። ባቄላው እስኪበቅል ትዕግሥቷ እንዳያልቅ በተጓዳኝ ፌጦ ዝሩ፦ ከተቆረጠ ሃይላንድ ታች እርጥብ ጥጥ አንጥፋችሁ ፍሬውን በትኑበት፣ በሁለት በሦስት ቀን ብቅ ይላል። ቆስጣም ደግ ነው፣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፣ ውጭ ውጩን ሲቀጥፉት መልሶ ያወጣል። ለሁለት ዓመቱ ጌታ ደግሞ አፈር ብቻ ያለበት የራሱ ቆርቆሮ ስጡት። ይነቅላላ! ሥራው ነው።

ስለ እጅ ሥራሽ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። በፎቶው ላይ ያየሁት ኮፍያ የባለሙያ እጅ የነካው ነው። ከድግሱ ሁሉ ለልጅሽ የሚሆነው ያ ነበር፤ የሠራሽው ግን እሷ ስትተኛ ነው። በልጅነታችን ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ሥዕል ሥለን በየጎረቤቱ እንዞር ነበር። አንዱም መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም፣ ሳንቲሙ ግን ይሰጠን ነበር። ልጅ ሙጫው ጣቷ ላይ ደርቆ ስትልጠው ያላት ደስታ የተጠናቀቀው ዕቃ ላይ የላትም። አማትሽ የመንዝ ሴት ናቸው፤ ስፌት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ስንደዶና አክርማ ከገበያ ገዝተሽ ብትሰጫቸው፣ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ሲጀምሩ ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ማለቷ አይቀርም። ወስፌው ስለታም ነውና እሱን ለትልቅ ሰው ተዉት።

ልደት ማክበርሽን አትተዪ። ከተውሽው ልጅቷ የምትማረው «ስላለቀስኩ ተከለከልኩ» የሚለውን ነው። ብቻ በሚቀጥለው የካቲት ሦስት ነገር ቀድመሽ ጠይቂያት፦ ማንን እንጥራ፣ ምን እንብላ፣ ምን እንጫወት። የሚጠሩት ልጆች በዕድሜዋ ልክ ስድስት ቢሆኑ በቂ ነው፣ ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል። ፈንዲሻና የአያቷ ዳቦ፣ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ፣ ሱዚ። ወጪውን ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። ፎቶ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ አንሺና ስልኩን ቤት አስቀምጪው።

እንደገና ዩኒኮርን ካለችሽ ደግሞ አትገረሚ፣ ቀንዱን እኮ አልጠላችውም። ዩኒኮርን ይሁን። ቀንዱን ግን በቀን፣ እሷ ሙጫ እየቀባች፣ አንቺ ወረቀቱን እየያዝሽላት ሥሩት፤ ተጣሞ ከወጣም እንደተጣመመ ይደረግ።