«እናቴን እንዴት ላስረዳት?»

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፤ በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አባቴ በሕይወት የለም። የኤቲኤም ካርዴን የምትይዘው እናቴ ናት፤ የታክሲ እንኳ ቆጥራ ነው የምትሰጠኝ። የተመረቅሁ ዕለት ሲወራ የዋለው ስለ እሷ ድካም ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ ልወጣ ነው ስላት ደም ግፊቷ ተነሣ፤ «ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ናርሲሲስት (ራሱን ብቻ የሚያስቀድምና አድናቆት የሚሻ ሰው) መሆኗ ገባኝ። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ የሚያሳዝን ነገር ብዙ ነው፤ እኔን ደጋግሜ እንዳነበው ያደረገኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። እንደምገምተው ስታስረጂ ኖረሻል፤ ባስረዳሽ ቁጥርም ጨዋታው ከቤት ኪራዩ ተነሥቶ ወደ እናትሽ ድካም፣ ወደ ግፊታቸው፣ ወደ ጡታቸው ይዞራል። ይህ የሚሆነው ነገሩ ስላልገባቸው አይመስለኝም። መውጣትሽ ትክክል መሆኑን እስኪያምኑልሽ የምትጠብቂ ከሆነ የበሩ ቁልፍ ከካርድሽ ጋር በእጃቸው ይቆያል።

«ናርሲሲስት» ስላልሻቸው ስያሜ ባጭሩ ልበል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለዚህ የስብዕና መታወክ ዘጠኝ መለያዎችን ይዘረዝራል፤ ቢያንስ አምስቱ መገኘታቸውንም ባለሙያ ሰውየውን በአካል መርምሮ እንጂ እኔ በደብዳቤ፣ አንቺም በኢንተርኔት ልንወስነው አንችልም። ቃሉን በእናትሽ ፊት አታንሺው። የሚደጋገመውን ድርጊት ማወቅሽ ይበቃል፦ ገንዘብሽን ይይዛሉ፣ ስኬትሽን የራሳቸው ያደርጉታል፣ እምቢ ስትዪ ይታመማሉ ወይም ይረግማሉ።

የእናት እርግማን በእኛ አገር የሚቀለድበት ነገር ስላልሆነ ሥነ ልቦና ተምሬአለሁ ብዬ አላቃልልብሽም። የታዘዘው እናትን ማክበር ነው ወይስ ደመወዝን ማስረከብ፣ የምታምኚያቸውን የሃይማኖት አባት ጠይቂ። ሕጉ እንደሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በኋላ በራስሽ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጥሻል፤ ወላጅን የመጦር ግዴታውም ወላጁ ሠርቶ መኖር ሲያቅተውና ሲቸገር የሚመጣ ነው።

የደም ግፊቱን ነገር «ውሸት ነው» ብለሽ አትከራከሪ፤ ጭንቀት በእርግጥም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። መለኪያ ግዢ። «ተነሣብኝ» ባሉ ጊዜ ሳትከራከሪ ክንዳቸው ላይ አስረሽ ለኪ፤ ከ180 በ120 ካለፈ አምስት ደቂቃ አሳርፈሽ ድገሚው፤ ካልወረደ፣ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የመናገር ችግር ካለ ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ቁጥሩ ደኅና ከሆነ ግን መድኃኒታቸውን ሰጥተሽ ወደ ቀጠሮሽ ሂጂ። ሕመማቸውን አልናቅሽም፤ ውሳኔሽንም ለሕመማቸው አላስረከብሽም።

አሁን ወደ ገንዘቡ፤ መነሻሽ እዚህ ላይ ይሁን። መታወቂያሽን ይዘሽ ባንክሽ ዘንድ ሂጂና አዲስ ካርድና አዲስ የሚስጥር ቁጥር አውጪ። ይህን ሳታደርጊ ስለ ቤት አታንሺ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለደነገገ የምታጠራቅሚው መጠን ይታወቃል። ለእናትሽም በየወሩ የምትችይውን ቁርጥ ያለ ብር መድቢ፤ ቢያመሰግኑም ቢረግሙም ደመወዝ በወጣ ዕለት ይግባላቸው፤ ጠብ በሆነ ጊዜ አትቀንሺው፣ ልቅሶ በሆነ ጊዜም አትጨምሪበት። ውሉን ከፈረምሽ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ «እማዬ፣ በመጪው ወር መጀመሪያ እወጣለሁ፤ እሑድ እሑድ እመጣለሁ።» ምክንያት ሲጠይቁሽ ያንኑ ድገሚ፤ እያንዳንዱ ምክንያት ሌላ ክርክር ይወልዳልና። ሊመቱሽ ወይም በር ሊዘጉብሽ የሚችሉ ከሆነ ግን ብቻሽን ሆነሽ አትንገሪያቸው፤ የምታምኚው ሰው አብሮሽ ይሁን።

መራቅ ብቻውን ነጻ አያወጣም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና የቤተሰብ ሥነ ልቦና ሕክምና ሊቅ መሬይ ቦወን (Murray Bowen) እንዳስተማረው፣ ከቤተሰቡ ፈጽሞ የተቆራረጠ ሰው ያልተፈታውን ጉዳይ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው እሑድ ባልሽው ሰዓት ድረሺ፤ ቡናውን አፍዪ። እናትሽ በጎረቤት ፊት «ጥላኝ የሄደችው ልጄ መጣች» ቢሉ «ደኅና ነሽ፣ እማዬ?» በዪና ሲኒውን አቅርቢ፤ ሦስተኛው ሲጠጣ ረከቦቱን አነሣሥተሽ በነገርሻቸው ሰዓት ተሰናብተሽ ውጪ።