«መሬቱ የመንግሥት ነው» ያልካቸው ሽማግሌ

ጥያቄ፦ ቱሪዝም ተመርቄ በአንድ ድርጅት ውስጥ የወፍ አስጎብኚ ከሆንኩ ስድስት ወሬ ነው። ነሐሴ ላይ ሁለት ፈረንጆች ይዤ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ ረግረግ ሜዳ ገባሁ፤ ወፍ ልናስነሳ ጎን ለጎን ተሰልፈን ነበር የምንሄደው። ባለ ሣሩ ሽማግሌ ዱላ ይዘው መጡና አባረሩን። «መሬቱ የመንግሥት ነው እኮ» ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። እንግዶቹ የመጡላትን ወፍ ሳያዩ ተመለሱ። አለቃዬ ጥፋቱን በእኔ ላይ ደፈደፈው። ሥራውን ትቼ ባንክ ልወዳደር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባንኩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ያቺን «የመንግሥት ነው» ያልካትን ነገር እንነጋገርባት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ እዚህ ላይ አልተሳሳትክም። ግን እዚያው አንቀጽ ላይ ገበሬው ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለውም ተጽፏል። አንተ ግማሹን ይዘህ ሄድክ። ደግሞስ ሽማግሌው የተቆጡት ለሕግ ነው እንዴ? አንተ ሜዳ አየህ፤ እሳቸው የበጋ መኖ አዩ። ነሐሴ ላይ የተረገጠ ሣር ጭቃ ውስጥ ይተኛል፤ ለአጨዳ አይመችም። ሦስት ሰው ቦቲ አጥልቆ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ ወፍ ሊያስነሳ ሲሄድ ስንት ሸክም ድርቆሽ እንደሚያበላሽ አስበው። ቦረና ውስጥ ሊበን ሜዳ ላይም ያው ነው። እዚያ «ካሎ» የሚባል ለክፉ ቀን የተከለለ ግጦሽ አለ። በጣም ብርቅ የሆነችው የሊበን ላርክ የምትባል ወፍ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ያልተጋጠ ረጅም ሣር ነው። ሣሩን የሚጠብቀው ሰው ወፏንም እየጠበቀልህ ነው ማለት ነው።

አዲስ ዓለም አካባቢ ያለውን በርጋ ረግረግ ታውቀው ይሆናል። ነጭ ክንፍ ያላት ፍላፍቴይል የምትባል ትንሽ ወፍ በክረምት የምትራባው እዚያ ነው፤ ጎጆዋን የምትሠራውም እርጥብ ሣር መሃል ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። የአካባቢው ሰው በጥበቃው ገብቶበታል፤ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ድጋፍም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቷል። እንግዲህ አንተ በመራቢያዋ ወር፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ሰው አሰልፈህ እንዲህ ያለ ቦታ ትገባለህ። እኔም ብሆን ዱላ እይዝ ነበር።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ወደ ሽማግሌው ተመለስ፤ ያለ እንግዳ፣ ያለ ካሜራ። ሁለት ኪሎ ስኳርና ቡና ያዝ። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ «ኦቦ» ብለህ ጥራቸው፣ «አካም ጅርቱ» በል፤ አነጋገርህ ቢያስቅም ግድ የለም። ይቅርታ ጠይቅና ስለ ወፍ ሳይሆን ስለ ሣሩ አውራ። በየት በኩል መሄድ ይቻላል? የትኞቹ ወራት ዝግ ናቸው? ክፍያው ለማን ይሰጥ? ገንዘቡን መንገድ ላይ ለሚሮጡ ልጆች አታድል፤ ሌላ ጣጣ ታመጣለህ።

እንግዳን እምቢ ማለትም ሙያ ነው። ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመህ አይሆንም ካልክ ግን ጠብ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ማታ፣ ሆቴል ውስጥ ንገራቸው፦ ከመንገዱ አንወጣም፣ የወፏን ድምፅ በስልክ አንለቅም፣ ድሮን አይነሳም፣ ላናያትም እንችላለን። ጥሩ ወፍ ተመልካች ይህን ሲሰማ ያከብርሃል። ሌንሱን የሚያስቀድመው ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

አለቃህን የባለ ይዞታው ፈቃድና ክፍያ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቀው። እምቢ ካለ ሌላ ድርጅት እንፈልጋለን፣ ሌላ ሙያ ግን አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርንም በበጎ ፈቃድ ማገልገል እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቅ። እዚያ የምታገኘው ልምድ ሲቪህ ላይ ከዲግሪህ በላይ ይታያል።

ሽማግሌው ጋ ስትሄድ የአጨዳው ሳምንት ይሁን። እጅጌህን ሰብስበህ አንድ ሁለት ሸክም ድርቆሽ አግዛቸው። ወፎቹ የት የት እንደሚውሉ ያኔ ሳትጠይቃቸው የሚነግሩህ ይመስለኛል።