ለስላሳ የመሰለሽ ላምብሩስኮ

እህቴ፣ «ከጣሊያን አረፋ ያለው ቀይ ወይን፣ ላምብሩስኮ የሚሉት፣ መጣልኝ፤ ስቀምሰው ለስላሳ መሰለኝ፤ እንዲህ ነው እንዴ? ከምንስ ጋር ይጠጣል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጣሊያን አገር ሞዴና ከተማ ውስጥ አንዲት አዛውንት እየተንከባከብኩ ስድስት ዓመት ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጠርሙሱን አገላብጠሽ እዪው። «አማቢሌ» ወይም «ዶልቼ» የሚል ካለበት ሲጀመርም ጣፋጭ ተብሎ የተሠራ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ በብዛት የሄደው እንዲህ ያለው ስለነበር ጣፋጭ የሚለው ስም በዚያው ቀረበት። እዚያ አገር ሰው ምሳው ላይ የሚጠጣው ግን «ሴኮ» የሚባለውን፣ ስኳሩ ያለቀለትን ነው።

ደግሞ ላምብሩስኮ የአንድ ወይን ስም አይደለም፤ ዘሩ ብዙ ነው። እኔ የምወደው ሶርባራን ነው፦ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት፣ ኮምጠጥ የሚል። አበባው ብቻውን በደንብ ስለማያፈራ ሳላሚኖ የሚባለውን ዘር አጠገቡ ይተክሉለታል፤ አሮጊቷ «ባል ፈልገውላት ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ግራስፓሮሳ ደግሞ ጥቁር ነው፣ አፍ ይይዛል።

አብዛኛው አረፋውን የሚያገኘው በትልቅ ዝግ በርሜል ውስጥ ዳግም ፈልቶ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የሚፈላም አለ፤ እሱ እንደ ጠላ አተላ አለው፣ ድፍርስ ይላል። አንዴ ይህንኑ በአውቶቡስ ሳንገላታው ውዬ እንደደረስኩ ከፈትኩት፤ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ለትንሣኤ የተነጠፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ ውስጥ አቁሜ ሳላሳድር አልነካውም።

ምግቡ ላይ ትንሽ ተቸግሬ ነበር። በዚያ አገር ላምብሩስኮ ሲባል ሞርታዴላ፣ ፕሮሹቶ፣ ዛምፖኔ፣ ሁሉም የአሳማ ነው፤ እኔ ደግሞ አልበላም። ፓርሚጃኖ አይብ ቆርሼ ከነሱ ጋር እቀመጥ ነበር፣ እሱም ከወይኑ ጋር ግሩም ነው። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ወይኑ የሚፈልገው አሳማውን ሳይሆን ስቡን ነው። አረፋውና ኮምጣጣነቱ ቅባቱን ከአፍ ያጥበዋል። ታዲያ ቅቤ የጠገበ ክትፎ ምን አነሰው? የፆም ቀን ካልሆነ ክትፎ በቀዝቃዛ ሶርባራ ሞክሪና ንገሪኝ። ጮማ ያለበት ጥብስም ይሄዳል።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ግራስፓሮሳ ሴኮ አቀረብኩለት፤ በርበሬው ላይ ያ አፍ የሚይዘው ነገር ሲጨመርበት እንግዶቼ ውሃ ፍለጋ ተነሡ።

ብርጭቆ አያስጨንቅሽ። አሮጊቷ በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ነበር የምትጠጣው፣ የድሮ ሰው ልማድ ነው፤ ክረምት ላይ ከሾርባዋም ውስጥ ጠብ ታደርግበታለች። ቅዝቃዜው ግን አይቅር፦ ሶርባራ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ፣ ጥቁሩ ትንሽ ሞቅ ቢል ይሻላል። ለልጄ ሠርግ ብለሽም አታስቀምጪው፤ ብዙው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ካልተጠጣ ጣዕሙ ይሞታል።

እጅሽ ላይ ያለው ጣፋጩ ከሆነ አትድፊው። በደንብ አቀዝቅዢውና ያንን ዶሮ ወጥ ከእሱ ጋር ብዪ፤ ስኳሩ የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርደዋል። እኔ ከሁለተኛው ሙከራዬ በኋላ ለዶሮ ሌላ አልገዛም።