ፕሮሰሰሩን ሳይሆን ራሙን ይዩ

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ራሙ ባለ 3200 አንድ 16 ጊጋባይት ነው። የእግር ኳስ ጌም ስጫወት በየጊዜው ስታክ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ባደርገው (ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ባሠራው) ይሻለው ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፕሮሰሰሩን ለጊዜው ይተዉት። በ5600ጂ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዋናው ራም ጋር ይጋራል። አንድ ራም ብቻ ሲሰካ በ3200 ፍጥነት በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆኑ 51.2 ይደርሳል። ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ ለእርስዎ ኮምፒውተር ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም። ተመሳሳይ ሌላ ይጨምሩ፤ ዋጋው ከከበደ ያለውን በሁለት ባለ 8 ይለውጡ። ማዘርቦርዱ አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረው 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሰኩ። ብዙዎች 1ኛና 2ኛ ላይ ደርድረው ይሰኩና ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ይቀራሉ፤ ገንዘቡ ወጥቶ ለውጡ አይታይም።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ውስጥ የሚታየው ፍጥነት 2400 ወይም 2666 ከሆነ ራሙ ላይ የተጻፈውን 3200 እያገኙ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየደጋገሙ በመጫን ባዮስ (የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ይግቡ፤ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን (በአንዳንድ ቦርድ ዲኦሲፒ ይባላል) አብርተው በኤፍ10 ሴቭ ያድርጉ። የራሙ ቮልቴጅ 1.35 ቢሆን አይስጉ፤ ለዚህ ፍጥነት የተለመደ ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚዛባ ከሆነ የቦርዱ ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ደክሟል። ያን ጊዜ ያበሩት ኤክስኤምፒም አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የተለያየ ብራንድ ያላቸው ሁለት ራሞች ሰክቼ ኤክስኤምፒ አበራሁ። አሁን ጌሙ መሃል ላይ ራሱ ይዘጋል፤ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

መልስ፦ ራሞቹ በዚያ ፍጥነት አብረው መሥራት ያልቻሉ ይመስላል። እንዲህ እያሉ መጫወትዎን አይቀጥሉ፤ የሚሳሳት ራም ጌሙን ብቻ ሳይሆን ዲስክ ላይ የሚጻፈውን ፋይልና ዊንዶውሱንም ያበላሻል። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒው እንደበራ ፍጥነቱን ብቻ ወደ 3000፣ ካልሆነ ወደ 2933 ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭነው ሌሊቱን ያስኬዱት። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱን እንደገና ይቀንሱ። በ2400ም ስህተት ካለ አንዱን ነቅለው እያንዳንዱን ለየብቻ ይፈትሹ፤ የተበላሸው በዚያ ይለያል።

ፍጥነቱን ከለወጡ በኋላ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ቶሎ አያጥፉት። ቦርዱ ራሱ ደጋግሞ ስለሚሞክር ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። ካልተነሳ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ክብ ባትሪውን ለ5 ደቂቃ አውጥተው ይመልሱ፤ ባዮሱ ወደ መነሻው ይመለሳል።