ወንድምሽ የሚደጋግመው ሙዚቃ አይጎዳውም

እህቴ፣ ኦቲዝም ያለበት ወንድምሽ አንድ ዓይነት ዜማ የሚደጋግም ሙዚቃ ለሰዓታት ስለሚሰማ «ልከልክለው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ደስ ካለው ተይው። እኔም ኦቲዝም አለብኝ። ብዙዎቻችንን ድንገተኛ ድምፅ ያስጨንቀናል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ደግሞ ያረጋጋናል። እንዲህ አጭር ዜማ እየደጋገመ በሚሄደው፣ «ሚኒማሊስት» በሚባለው ሙዚቃ ደግሞ ለውጡ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው።

ደግሞ «ያው ነው» የሚባለው ነገር ያው አይደለም! የአሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የስቲቭ ራይክን «ፒያኖ ፌዝ» የተባለ ሥራ (እ.ኤ.አ. 1967) ስሚው። ሁለት ፒያኒስቶች ባለ 12 ኖታ አጭር ዜማ እኩል ይጫወታሉ። ከዚያ አንዱ በጥቂቱ እየፈጠነ በአንድ ኖታ ይቀድማል። ከሁለቱ መሀል ማንም ያልተጫወተው የሚመስል አዲስ ዜማ ብቅ ይላል። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በድምፆች ቅጥነትና ውፍረት መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ከሌላው ሰው በተሻለ ይለያሉ። ወንድምሽም አንቺ የማትሰሚውን እየሰማ ሊሆን ይችላል።

ሁላችንም ግን አንድ አይደለንም። ድግግሞሽ የሚያስጨንቀውም አለ። ጆሮውን ከሸፈነ ወይም ከክፍሉ ከወጣ በቃው ማለት ነው። የሄድፎኑን ድምፅ ብቻ መጠን አድርጊለት። ማጥፋት ካለብሽም ድንገት አታቋርጪው፤ «ይሄ ሲያልቅ እናጠፋለን» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው።