መልስ፦ የቦውሊንግ ኳስ በበረኪና ይታጠባል ወይ?

«ኳሴ ሲንከባለል ወደ ጎን መታጠፍ አቃተው፣ በበረኪና ወይስ በመስታወት ማጽጃ ልጠበው?» ላልከው፦ ወንድሜ፣ በረኪናውን ለነጭ ልብስህ ተወው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም እንዳትሞክር፤ አሴቶኑ የኳሱን ላይ ያለሰልሰዋል። ኳስህ ሪአክቲቭ ሬዚን ከሚባለው፣ በደንብ እንዲታጠፍ ከሚሠራው ዓይነት ከሆነ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎቹ በመጫወቻው ወለል ላይ የሚቀባውን ዘይት ይመጥጣል፤ ያልታጠፈልህም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ጨዋታው እንዳለቀ፣ ኳሱ ሳይቀዘቅዝ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል በጨርቅ ነካ አድርጌ እወለውለዋለሁ። ጨርቁ ምን ያህል እንደሚጠቁር ስታይ ትገረማለህ! ዘይቱ ከቆየበት የጣት ቀዳዳዎቹን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍነህ፣ ለብ ባለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና 20 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈው። የፈላ ውሃ ግን እንዳታስነካው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ተራ ፕላስቲክ ኳስ ከሆነ ዘይት ብዙም ስለማይመጥጥ የመስታወት ማጽጃው ይበቃዋል።